የስኳር መመርመሪያ ወረቀት ታሪክ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው፥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የስኳር በሽታን ምርመራ ከላቦራቶሪ አውጥታ በሕመምተኛው እጅ እንዴት እንዳስገባችው፥ ኋላም ይኸው ሥራ እንዴት ወደ መሣሪያ እንደ ተመለሰ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጥንት የህንድ ሐኪሞች በሽታውን «የማር ሽንት» ብለው ሲጠሩት፥ ምስክራቸው በሽንቱ ላይ የሚሰበሰበው ጉንዳን ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1674 የሕመምተኞቹ ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጻፈ፤ ይህንንም ለማወቅ መቅመስ ግድ ነበር። ማቲው ዶብሰን በ1776 ሊቨርፑል ላይ ሽንቱን አትንኖ የቀረው ነገር ስኳር መሆኑን ካስረዳ በኋላ ግን የምላስ ሥራ ቀስ በቀስ ለኬሚስትሪ ተላለፈ። በ1908 አሜሪካዊው ስታንሊ ቤኔዲክት ያወጣውን ሰማያዊ ፈሳሽ አንባቢዎቼ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሙቀነው ወደ ጡብ ቀለም ሲለወጥ አይተናል። ጉድለቱም ከዚያው ይታያል። እሳትና የመስታወት ቱቦ ይፈልጋል፤ ከዚህም በላይ ግሉኮስን ከሌሎች ተመሳሳይ ስኳሮች ለይቶ አያውቅም።

መድኃኒት የነከረውን ጨርቅ ወይም ወረቀት አድርቆ መያዝ አዲስ አሳብ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሞሜኔ በ1850 የበግ ጠጉር ጨርቅ በቆርቆሮ ክሎራይድ ነክሮ ሽንት መርምሮበታል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ኦሊቨርም በ1883 በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚያገለግሉ መመርመሪያ ወረቀቶችን አስተዋውቆአል። እንግዲህ የጎደለው ወረቀት ሳይሆን፥ ግሉኮስን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ነገር ነበር። ይህን ያስገኘው ሻጋታ ነው። ዴትሌቭ ሙለር በ1928 ግሉኮስ ኦክሲዴስ የተባለውን ኤንዛይም ከሻጋታ ውስጥ አገኘ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሄለንና የአልፍሬድ ፍሪ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር፥ በኤልክኸርት ከተማ፥ የማይልስ ኩባንያ ክፍል በሆነው በኤምስ ይሠሩ ነበር። በ1956 ክሊኒስቲክስ የተባለው ወረቀት ለገበያ ወጣ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ኤንዛይሞችና አንድ ቀለም ሰጪ ነገር ደርቀውበታል። የመጀመሪያው ኤንዛይም ግሉኮስን ከኦክሲጅን ጋር አገናኝቶ ግሉኮኒክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ ሁለተኛው፥ ፐርኦክሲዴስ፥ በዚያው ፐርኦክሳይድ ቀለም ሰጪውን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። ሕመምተኛው ወረቀቱን ሽንት ነክሮ መመልከት ብቻ ይበቃዋል። እሳት የለም፤ ቱቦ የለም።

ሆኖም ሽንት ዘግይቶ የሚመሰክር ምስክር ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው መጠን 180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ኢንሱሊን በዝቶበት የደሙ ስኳር እጅግ የወረደ ሰው፥ ወረቀቱ አንዳች ቀለም ሳያሳይ ራሱን ሊስት ይችላል። በ1965 የወጣው ዴክስትሮስቲክስ ይህን ለማረም ሽንትን ትቶ ደምን ያዘ። ቀዩን የደም ሕዋስ የሚያግድና ግሉኮስን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ነበረው፤ የደም ጠብታው በላዩ ላይ አንድ ደቂቃ ቆይቶ በውሃ ይታጠብና ቀለሙ ከሰሌዳ ጋር ይመሳከራል። በዚህ ጊዜ ነው የዓይን ነገር የመጣው። ቀለምን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አያይም፤ ይልቁንም የስኳር በሽታ ራሱ ዓይንን ይጎዳል። ከወረቀቱ የሚመለሰውን ብርሃን የሚለካ የኤምስ መሣሪያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝንና ለሐኪም ቤት የታሰበ ነበር። በ1987 ደግሞ ብዕር የሚያህል፥ ቀለምን ትቶ ኤሌክትሪክን የሚለካ መሣሪያ ወጣ። መሣሪያው አነሰ፤ ዋጋው ግን ወደ ቁራጩ ዞረ። መለኪያው በርካሽ ይሰጥና ትርፉ ከቁራጩ ይሰበሰባል፤ የአንዱ ኩባንያ ቁራጭም አብዛኛውን ጊዜ በሌላው መለኪያ አይሠራም። በቀን ብዙ ጊዜ መለካት ላለበት ድሀ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2007 የሃርቫርዱ ጆርጅ ዋይትሳይድስና ባልደረቦቹ ወደ ተራ ወረቀት የተመለሱት በርካሽነቱ ምክንያት ነው። በወረቀቱ ውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ሠርተው ፈሳሹን በጠባብ መንገድ መሩት፤ 5 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ያለ ፓምፕ በራሱ እየተሳበ ግሉኮስም ፕሮቲንም በአንድ ጊዜ ይመረመርበታል። ግድግዳውንም በ2009 ሰም በሚያትም ማተሚያ ለመሥራት ቻሉ። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ግሉኮሱን የሚለዩት እነዚያው ሁለት ኤንዛይሞች ናቸው፤ የተለወጠው በሰማያዊው ፈንታ የአዮዲን ቡናማ ቀለም መታየቱ ነው። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ዓመት 1956 እንጂ 2007 አይደለም። ቡናማው ቀለም የበዛውን ካነሰው ይለያል፤ ኢንሱሊን ለመመጠን ግን ቁጥር ያስፈልጋል። በዚያው በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች በወረቀት ላይ የካርቦን ኤሌክትሮድ አትመው ግሉኮስን በኤሌክትሪክ ለክተዋል፤ ይህም ርካሹን ወረቀት እንደ ገና ከመሣሪያ ጋር አስሮታል።

ስለ ርካሽነት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ወረቀቱ ሳንቲም ቢያወጣም ኤንዛይሙ ሙቀትና እርጥበት አይወድም። በብዙዎቹ የመመርመሪያ ቁራጮች ጠርሙስ ላይ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ስፍራ እንዳይቀመጡ ተጽፎ ይገኛል። በጋምቤላ ወይም በአፋር ያለ ጤና ጣቢያ ከወረቀቱ ዋጋ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ጠርሙሱን የሚያኖርበትን ቀዝቃዛ ስፍራ ነው።