ግሉተን አልባ አመጋገብ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ የሚገኝ፣ ሊጥን የሚያለጥጥ ፕሮቲን ነው። የሴሊያክ ሕመምተኛ ሲበላው የገዛ ሰውነቱ የበሽታ መከላከያ ትንሹን አንጀት ያቆስላል፤ መፍትሔው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ሕመሙ በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉን ይይዛል።

በጆሃንስበርግ ጄፒ ሰፈር ለሚኖር ሐበሻ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ የደቡብ አፍሪካው ፓፕም የበቆሎ ገንፎ ነው። ነገር ግን ጤፍ በሰው አገር ስለሚወደድ እንጀራው ውስጥ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ይገባል። ዓይናማና ለስላሳ መሆኑ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ጋጋሪዋን መጠየቅ ይበጃል።

ሕመሙን የጠረጠረ ሰው ሳይመረመር ስንዴ መብላቱን አያቁም፤ ካቆመ የደም ምርመራው ሊያሳስት ይችላል።