የክብር ዕዳ እና የስም ጥያቄ፦ የውርርድ ክፍያ ክርክር በብሪታንያ

በብሪታንያ በውርርድ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ቢከለከል ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስከፍል የማይችልበት ዘመን ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው የቁማር ሕግ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ18ኛው አንቀጹ በቁማርም ሆነ በውርርድ የተገባ ውል ሁሉ ፈራሽ እንደሆነ፣ በውርርድ ተገኘ የተባለ ገንዘብም በክስ ሊጠየቅ እንደማይችል ደነገገ። ከዚያ በኋላ የቁማር ዕዳ «የክብር ዕዳ» ከመሆን አላለፈም፤ ተረቺው የሚከፍለው ሕግ አስገድዶት ሳይሆን በሰው ፊት ስሙ እንዳይጎድፍ ነበር።

ሕጉ የተወውን ቦታ ልማድ ሞላው። ሪቻርድ ታተርሶል በ1766 በለንደን ሃይድ ፓርክ ኮርነር ያቋቋመው የፈረስ ጨረታ ቤት ውሎ አድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ተወራራጆች መሰብሰቢያና ሂሳብ መተሳሰቢያ ስለሆነ፣ በስሙ የተጠራው የታተርሶልስ ኮሚቴ የውርርድ ክርክሮችን ሰምቶ የሚወስን የሽማግሌ ሸንጎ ለመሆን በቃ። ኮሚቴው የሚያዘው ፖሊስ ባይኖረውም፣ ውሳኔውን አልፈጽም ያለን ሰው ለእሽቅድምድሙ የበላይ ለጆኪ ክለብ ያስታውቅ ነበርና፣ የተወነጀለው ሰው ከኒውማርኬት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ይታገድ ነበር፤ ኑሮውንና ወዳጅነቱን በፈረስ ሜዳ ላይ ለመሠረተ ሰው ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ሸንጎ ፊት የቀረቡት ተከራካሪዎች በመልክም በስምም የሚተዋወቁ በመሆናቸው፣ ክርክራቸው ውርርዱ እንዴት እንደተቆረጠና ስንት እንደሚከፈል ነበር እንጂ «ለመሆኑ አንተ ማነህ?» የሚል አልነበረም።

የ1968ቱ የቁማር ሕግም ይህን የመተዋወቅ ልማድ በሌላ መልኩ አጸናው። ካዚኖዎች በአባልነት የሚገባባቸው ክበቦች እንዲሆኑ ተደረገ፤ ለመጫወት የሚሻ ሰው ፍላጎቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅና 48 ሰዓት መጠበቅ ነበረበት፤ ይህ ጊዜ በኋላ ወደ 24 ሰዓት ዝቅ ብሏል። የሕጉ ዓላማ ሰው በስሜት ተገፋፍቶ ሰተት ብሎ እንዳይገባ ማድረግ ቢሆንም፣ ሳይታሰብ ሌላ ፍሬ አስገኝቷል፤ ተጫዋቹ የመጀመሪያዋን ሳንቲም ከማስያዙ በፊት ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ኢንተርኔት ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። አንቲጓና ባርቡዳ በ1994 ባወጣችው የነፃ ንግድ ቀጣና ሕግ ሽፋን ለኢንተርኔት አቋማሪዎች ፈቃድ መስጠት ከጀመረች በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእውነተኛ ገንዘብ የሚጫወትባቸው የኦንላይን ካዚኖዎች ብቅ አሉ። ደንበኛው ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ሞልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጫወት ነበር፤ በብሪታንያም ቢሆን የደንበኛውን ዕድሜ ለማጣራት ለድርጅቱ እስከ 72 ሰዓት ይፈቀድለት ስለነበር፣ በዚያ መካከል ደንበኛው መጫወት ሲችል ያሸነፈውን ግን ማውጣት አይችልም ነበር። ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ለማስመሰል የሚደረገውን ዝውውር ለመከላከል የወጡት ደንቦች ካዚኖዎችን የደንበኛቸውን ማንነት እንዲያረጋግጡ ሲያስገድዱ ደግሞ፣ ብዙ ድርጅቶች ጥያቄውን ደንበኛው ገንዘብ ሲያስገባ ሳይሆን ሲያወጣ ማንሳትን ለመዱ። ገንዘብ ለመቀበል በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ለመክፈል ግን መጥበቡ፣ የዚህ ሙያ ታሪክ ካስመዘገባቸው በደሎች አንዱ ነው።

የሚጠየቁት ማስረጃዎች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፦ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ፣ አድራሻ የሚያሳይና ሦስት ወር ያላለፈው የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ ደረሰኝ፣ እንዲሁም መካከለኛዎቹ ቁጥሮች በወረቀት ተሸፍነው የመጀመሪያዎቹ ስድስትና የመጨረሻዎቹ አራት ብቻ የሚታዩበት የካርዱ ፎቶግራፍ። ችግሩ የሚከረው ካርዱ የተያያዘው ከጋራ ሂሳብ ጋር ሲሆን ነው። በባንክ ልማድ የባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ገንዘብ የሁለቱም ነው፤ ብዙውን ጊዜም አንዳቸው ያለሌላው ፊርማ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። የካዚኖ ሂሳብ ግን የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የውሉ ቃል በሦስተኛ ወገን ገንዘብ መጫወትን ይከለክላል። ካርዱ ላይ የሚስት ስም ብቻ ከታተመና የተጫወተው ባል ከሆነ፣ ባንኩ የራሱ ነው ያለውን ገንዘብ ካዚኖው የሌላ ሰው ነው ይለዋል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ደንብ ትክክል ናቸው።

የስም አወጣጥ ልማድም ችግሩን ያወሳስበዋል። እንግሊዛዊት ሚስት ብዙ ጊዜ የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትይዝ ዝምድናው ከወረቀቱ ይነበባል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት በሰነድ ላይ ምንም የሚያገናኛቸው ስም አይኖርም። በዚህ ላይ «ጸሐይ» የሚለውን ስም ፓስፖርቱ መጀመሪያው ላይ በሁለት የላቲን ፊደል፣ የባንክ ካርዱ ደግሞ በአንድ ፊደል ቢጽፈው፣ ፊደል በፊደል ለሚያመሳክር ኮምፒውተር አንዲት ሴት ሁለት ሰው ሆና ትታያለች።

ያሸነፈውን ለተከለከለ ሰው የፍርድ ቤቱ በር የተከፈተው የ2005ቱ የቁማር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 2007 ጀምሮ የቁማር ውል በሕግ የሚጸና እንዲሆን ሲያደርግ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1998፣ ራሱን የቻለ የውርርድ ዳኝነት አገልግሎት በምሕጻሩ አይባስ ተመሥርቶ፣ የታተርሶልስን ሥራ በአዲስ መልክ ይሠራ ነበር። ከኅዳር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ለብሪታንያ ደንበኞች የሚያቀርብ ድርጅት ሁሉ መቀመጫው ከብሪታንያ ውጭ ቢሆንም የብሪታንያ ፈቃድ እንዲኖረው ተገደደ፤ ቅሬታው በስምንት ሳምንት ውስጥ ያልተቋጨለት ደንበኛም ያለ ክፍያ ወደ ገለልተኛ ገላጋይ መሄድ ይችላል። ገላጋዩ በጋራ ሂሳብ ጉዳይ የሚመዝነው የውሉን ቃል ብቻ አይደለም፤ የሁለቱም ስም የሰፈረበት የባንክ መግለጫ፣ የሌላኛው ባለሂሳብ ፈቃደኝነት፣ ከሁሉም በላይ ድርጅቱ ጉዳዩን ያወቀው መቼ እንደሆነ ይመዘናል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከግንቦት 7 ቀን 2019 ወዲህ የደንብ ድጋፍ አግኝቷል። የቁማር ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን በዚያ ቀን ሥራ ላይ ባዋለው የፈቃድ ግዴታ መሠረት ድርጅቱ የደንበኛውን ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን ከመጫወቱ በፊት ማረጋገጥ አለበት፤ ቀደም ብሎ ሊጠይቀው ይችል የነበረን መረጃም የገንዘብ ማውጫ ቅድመ ሁኔታ ሊያደርገው አይችልም፣ በሌላ ሕግ ምክንያት በዚያው ጊዜ መጠየቅ ካለበት በስተቀር። በመሆኑም የሚስትን ካርድ ለወራት ሲቀበል የኖረ ካዚኖ፣ ባል ያሸነፈውን ሊያወጣ በጠየቀ ዕለት «ይህ ስም የማን ነው?» ቢል፣ ገንዘቡ በገባበት ዕለት ያልጠየቀበትን ምክንያት በቅድሚያ ራሱ ማስረዳት ይጠበቅበታል።