«ምን ሆናችሁ መጣችሁ?» ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምንመልሳት ዓረፍተ ነገር እንዴት ትመዝገብ?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ይሄን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ሰው ሲታመም መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ ከዛ ሪፈር፣ ከዛ አዲስ አበባ። ከቡራዩ ሲመጣ ጳውሎስ፣ ከሰበታ ሲመጣ አለርት መንገድ ላይ ናቸው። በየበሩ የሚጠየቀው ግን አንድ ነው፦ «ምን ሆነህ ነው?»

ዛሬ የምናወራው ስለ መልሱ ነው። ባለሙያዎች «ቺፍ ኮምፕሌይንት» ይሉታል። «ዋና ቅሬታ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ እኛ «የመጣበት ምክንያት» ብንለው ይሻላል፣ ቅሬታ ሲባል በወረፋ የተማረረ ሰው ነው የሚመስለው።

የመጣበት ምክንያት እና የምርመራ ውጤት ይለያያሉ። «ከእንብርቴ በላይ ያቃጥለኛል፣ ያልበኛል» ምክንያት ነው። «ጨጓራ» ግን መልስ ነው፣ ያውም ገና ያልተመረመረ መልስ። ችግሩ አብዛኞቻችን የበሽታውን ስም ይዘን ነው የምንሄደው፦ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»፣ «ታይፎይድ አለብኝ»፣ «ኩላሊቴን ነው»። ሃርት አታክ አንዳንዴ፣ በተለይ በስኳር ታማሚዎችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ የላይኛው ሆድ ሕመም መስሎ ይመጣል። ካርዱ ላይ «ጨጓራ» ብቻ ከተጻፈ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ለማዘዝ ላይቸኩል ይችላል።

በነዚህ ከተሞች ደግሞ ቋንቋ ይጨመራል። ታማሚው በአፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ ባለሙያው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ እንደገና በአማርኛ ይጠየቃል። በአማርኛ «ልቤን» የሚል ሰው ጨጓራው አካባቢ ማለቱ ሊሆን ይችላል። በአፋን ኦሮሞ «ገራ» ሆድም ነው፣ ውስጥ ስሜትም ነው። «ጣለው» ሲባል የሚጥል በሽታ ነው? ራሱን ስቶ ነው? ወይስ አዳልጦት ወድቆ? ሦስቱም የተለያየ ሕክምና ይፈልጋሉ።

አገር አቀፍ ሥርዓት የለም ማለት አይደለም። ለምርመራ ውጤት ጤና ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ምደባ የተቀዳ ዝርዝር አለው፤ ቁጥሩም ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሲስተም ይላካል። የአጣዳፊነት ደረጃም በቀለም ይለያል፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በሩ ላይ የተባለችው ዓረፍተ ነገር ግን በአብዛኛው ባለሙያው እንደመሰለው የሚጽፋት ናት። አንዱ «ትንፋሽ ማጠር»፣ ሌላው «አስም»፣ ሦስተኛው «ሳል» ቢሉ ኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ይሄ ለምን ያሳስበናል? በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ የገባውን አተት አስታውሱ። አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የጀርም ስም አይደለም፤ ሰዎች ወደ ጤና ተቋም የመጡበት ምክንያት ነው። የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሪፖርት የሚደረገውም ለዛ ነው። በፖሊዮ ክትትልም እንደዛው፦ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅና እግሩ በድንገት ከዛለ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይመዘገባል። ስለዚህ ለጥቂት ምልክቶች ተችሏል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአንድ ሳምንት ተመሳሳይ ትኩሳት ቢያዩና ሦስቱም በአንድ ስም ቢጽፉት ነገሩ ቶሎ ይታያል። አንዱ «ታይፎይድ»፣ አንዱ «ምች»፣ አንዱ «ወባ» ካለው ግን ተበትኖ ይቀራል።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ለድንገተኛ ክፍሎቿ ከ160 በላይ ምክንያቶች የያዘ አንድ ዝርዝር አወጣች። እሱን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ግን አይሠራም ባይ ነን። ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ 160 መስመር አታነብም። የኛ ዝርዝር አጭር ሆኖ የከሰል ጭስ፣ የውሻ ንክሻ፣ የትራፊክ አደጋ፣ የምጥ ሕመም በግልጽ ቢኖሩበት፣ ከያንዳንዱ ጎን የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ አባባሉ ቢጻፍበት ይሻላል። ታማሚው የተናገረው ቃልም እንዳለ የሚሰፍርበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ኮድ ብቻ ከቀረ «ገራ» ያለችው ሴትዮ ምን ማለቷ እንደነበር ተመልሶ የሚያጣራ የለም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፣ ስለዚህ በነሱ መካከል አንድ ቅጽ መጠቀም ከበፊቱ ሊቀል ይገባል። ከባዱ ሪፈሩ ነው፦ ታማሚው አስተዳደር ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። የፌዴራል ሆስፒታሎችና የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ያልገቡበት ዝርዝር አስኮና አለም ገና ላይ ይቆማል።

እስከዛው እናንተ በር ላይ ስትጠየቁ የበሽታ ስም አታስቀድሙ። የት ነው የሚያማችሁ፣ መቼ ጀመረ፣ አብሮ ምን አለ (ላብ፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ ማጠር)፣ ምን መድኃኒት ወሰዳችሁ። «ከዚህ በፊት ጨጓራ ተብዬ ነበር» የሚለውን በመጨረሻ ንገሯቸው። ሪፈር ከተጻፈላችሁ አምቡላንስ ከመግባታችሁ በፊት ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ እዛም ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያው ነው።