ከአከርካሪ ማጣበቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀጥል የጀርባ ሕመም፦ ለጅግጅጋና ለአካባቢው ከተሞች ነዋሪዎች

የአከርካሪ ማጣበቅ ቀዶ ሕክምና በአደጋ፣ በአከርካሪ ቲቢ፣ በዲስክ መንሸራተት ወይም በሌላ ምክንያት የተጎዱ የአከርካሪ አጥንቶች በብሎንና በዘንግ ተይዘው እንደ አንድ አጥንት እንዲያያዙ የሚደረግበት ሕክምና ነው። ብዙ ታካሚዎች «ብረት ከገባልኝ በኋላ ሕመሙ ለምን አልጠፋም?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብረቱ አጥንቶቹን የሚደግፈው እስኪያያዙ ድረስ ሲሆን፣ መያያዙ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለረጅም ጊዜ ተጭኖ የቆየ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላያገግም ይችላል፤ ከተጣበቀው ክፍል በላይና በታች ያሉ መገጣጠሚያዎችም ተጨማሪ ጫና ይሸከማሉ። ስለሆነም የሕመሙ መቀጠል ብቻውን ቀዶ ሕክምናው አለመሳካቱን አያሳይም። ይህ ማለት ግን ሕመሙን ችሎ መቀመጥ ይገባል ማለት አይደለም።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ሽንት ከተከለከሉ፣ መቀመጫዎና ብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግርዎ ከዛለ በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል ካለም አይዘግዩ። ያልፈላ የግመል፣ የላም ወይም የፍየል ወተት የሚጠጡ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ አከርካሪን ሊያጠቃ ይችላልና።

ጀርባን በወጌሻ ማሳሸትም ሆነ በእሳት መተኮስ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም ገና ያልተያያዘን አጥንት ሊያናጋ፣ ቁስልም ሊያመረቅዝ ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት መውሰድ፣ በተለይም ሁለቱን በአንድነት፣ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሲጋራ የአጥንቱን መያያዝ ያዘገያል።

በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት በእግር መጓዝ ከመተኛት ይሻላል። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ውኃውን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ፣ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። በምንጣፍ ላይ ለሰዓታት መቀመጥ (የጫት ሰዓትን ጨምሮ) ሕመሙን ያብሳል። ማጎንበስ የሚከብደው ሰጋጅ በወንበር ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት የሃይማኖት አባቶች ያስረዳሉ። ከቶጎ ውጫሌ ወይም ከቀብሪ በያህ በመኪና የሚመጡ ታካሚዎች በመንገድ ላይ ወርደው ጥቂት ቢንቀሳቀሱ መልካም ነው።

አስቸኳይ ላልሆነ ክትትል በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የበለጠ ምርመራ ካስፈለገ በሪፈር ወረቀት በጅግጅጋ ወደሚገኙት የካራማራ ወይም የሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታሎች ሊላኩ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናው በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የተደረገ ከሆነ የሕክምና ማጠቃለያውንና የራጅ ፊልሞቹን ይዘው ይቅረቡ፤ ያለ እነርሱ ሐኪሙ አዲሱን ለውጥ ከቀድሞው ለመለየት ይቸገራል። ኤምአርአይ ከመነሳትዎ በፊት ብረት እንዳለዎት ያሳውቁ። ሕመምዎን በሶማልኛ ማስረዳት የሚቀልዎት ከሆነና ሪፈሩ ከክልሉ ውጭ ከሆነ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም የቤተሰብ አባል አብሮዎት ቢጓዝ ይመረጣል።