ጣሊያን ሄደ፣ ፍሪሲዮን ቀረ

ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነው፤ ከጋራዣችን ግን እስካሁን አልወጣም። የማታምኑ ከሆነ በሰፈራችሁ ወዳለው ጋራዥ ጎራ በሉና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ፣ ጎሚኒ፣ ጎማ... ሁሉም የሮም ዘመዶች ናቸው። የዛሬው እንግዳችን ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ ፍሪሲዮን። ቃሉ በጣሊያንኛ «ፍትጊያ» እንደማለት ነው። ስም ካወጡ አይቀር እንዲህ ነው!

ስለ ፍሪሲዮን ለማውራት ደግሞ ከደጀን የተሻለ ቦታ አናውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጎሃ ጽዮን ላይ ያለው ደጋ በድንገት ያልቅና መንገዱ ቁልቁል ይወረወራል። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ዓባይን ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥታችሁ ደጀን ትደርሳላችሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመኪና ግን ፈተና ነው።

እዚህ ሸለቆ ውስጥ ጎማ የታሪክ ድርሻ አለው። በ1933 ዓ.ም መጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስን ለቆ የወጣው የጣሊያን ጦር ዓባይን የተሻገረው ከደጀን በታች ባለው በሳፈርታክ በኩል ነበር። ወራሪው ሸሸ፤ መንገዱ፣ የጭነት መኪናውና የመኪናው ቋንቋ ግን ቀሩ። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሾፌርና ረዳቱ የሚግባቡት ከጣሊያን በተወረሱ ቃላት ነበር። በኋላም «ኤንትሬ» እያልን የምንጠራው ፊያት መጣ። በ2000 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ድልድዩ ጃፓናዊ፣ መኪናው ጃፓናዊ፣ ቃሉ ጣሊያናዊ፣ ሾፌሩ ኢትዮጵያዊ! ግሎባላይዜሽን ማለት ይሄ ነው።

ወደ ገደለው እንግባ። ፍሪሲዮን ምን ይሠራል? ሞተሩ የሚያሽከረክረው ቮላኖና ወደ ካምቢዮ የሚሄደው ዘንግ የሚተሳሰሩት በመካከላቸው በተጣበቀ ሸራ ባለው ዲስክ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ዲስኩ ይላቀቃል፤ ያኔ ማርሽ ትቀይራላችሁ። ስትለቁት ተመልሶ ይጣበቃል። እንግዲህ ጥያቄው የእግራችሁ ኃይል ከፔዳሉ ተነስቶ እዚያ ድረስ እንዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

በድሮው ዘዴ የሚሄደው በካቦ ነበር። አዲስ አበባን ሞልታ የነበረችው ቮልስ ፍሪሲዮኗ የካቦ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ፈሳሽ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፓስካል፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ አስረዳ። በ1795 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ብራማህ በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ፈጠረ። በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ የፈሳሽ ፍሬን ፈጠራውን አስመዘገበ። ከፍሬን ወደ ፍሪሲዮን መሻገሩ ሩቅ አልነበረም፤ ፔዳሉ አጠገብ አንድ የላይኛው ፖምፓ፣ ካምቢዮው ላይ አንድ የታችኛው ፖምፓ፣ በመካከላቸው ቀጭን ቱቦ። በቃ!

ታዲያ የዘመኑ ወጣት ስልኩን ከፍቶ፣ ቪዲዮ አይቶ፣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ፍሪሲዮኑን በራሱ እጅ ይቀይራል። እኛ ይህንን አንነቅፍም። በዓባይ በረሃ ላይ የቆመ መኪና ሾፌርና ረዳቱን መካኒክ ሲያደርግ የኖረ ነው። ችግሩ ቪዲዮው ብሎኑን እንጂ ሸለቆውን አለማሳየቱ ነው። ሥራው አልቆ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ ግን አልገባም ሲል ምን ይደረጋል?

የጥፋቱ ዓይነት ሁለት ነው፤ አንዱ ቁልቁለት ላይ፣ ሌላው ዳገት ላይ ይታያል።

የመጀመሪያው «አልለቅም» ማለት ነው። ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ ዲስኩ ግን አይላቀቅም፤ ማርሹ ይንጫጫል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰና ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከጠነከረ፣ ወንጀለኛው አየር ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል፤ ኃይላችሁ አረፋ ሲያሳንስ ያልቃል። መፍትሔው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። «ርገጥ! ያዝ!» ይላል የታችኛው፤ የአየር ማስወጫውን ብሎን ይፈታል፣ አረፋው ይወጣል፣ ያጠብቃል፤ ከዚያ «ልቀቅ!»። ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የላይኛው ዕቃ ፈሳሹ እንዳያልቅም መጠበቅ ነው።

አየሩ ወጥቶም ፔዳሉ ተይዞ ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ውጭም ምንም ካልፈሰሰ፣ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። እግራችሁ ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበም ያው ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ፣ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ በደንብ እየተገፋ ማርሹ እምቢ ካለ ግን፣ ፈሳሹን ተዉት። ምናልባት ዲስኩ ፊቱ ተገልብጦ ገብቷል። ያኔ ካምቢዮው ተመልሶ መውረዱ ነው፤ አቋራጭ የለም።

ሁለተኛው ጥፋት «አልይዝም» ማለት ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጡ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ዲስኩ ላይ ቅባት ወይም ዘይት ነክቶት ይሆናል። ወይም ፔዳሉ ጫፍ ላይ መኖር ያለበት ትንሽ ባዶ ጉዞ ጠፍቷል፤ ያኔ ፈሳሹ ወደ ላይኛው ዕቃ የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች፣ ግፊቱ ታፍኖ ዲስኩን ግማሽ በግማሽ ይዞ ይኖራል። ዳገት ሳይወጡ በፊት ሜዳ ላይ መፈተን ይቻላል፤ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ካልጠፋ ያንሸራትታል።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙ ያሳሳታል። «የፍሬን ዘይት» ዘይት አይደለም። የሞተር ዘይት ብትጨምሩበት ጎሚኒዎቹ ያብጡና ሁሉም ይበላሻል። ከአየር ላይ እርጥበትም ይጠጣል፤ ያልተነካ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፣ ውኃ የጠጣው ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ስለዚህ ደጀን ብርድ ላይ ደህና የነበረ ፔዳል ሙቀት ውስጥ ሊከዳ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? በአማርኛችን «ደጀን» ከኋላ ቆሞ የሚደግፍ ኃይል ነው። ቁልቁለት ላይ ግንባሩ ፍሬን ነው፤ ደጀኑ ከባድ ማርሽ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ለመቀነስ ከአንዱ አውጥቶ ወደ ሌላው ማስገባት ካቃተው መኪናው ማርሽ አልባ ይሆናል፤ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ያለው ገደል ነው።

በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ፍሪሲዮንና ፍሬን የሚጠጡት ከአንድ ዕቃ ነው። የፍሪሲዮኑ ቱቦ የሚነሳው ከፍ ካለው በኩል ስለሆነ ፈሳሹ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ፍሬኑ ገና ዝም ብሎ ሳለ። እናም ፔዳሉ በድንገት ከለሰለሰባችሁ «ፍሪሲዮን ብቻ ነው፣ ጎሃ ጽዮን ስደርስ አየዋለሁ» አትበሉ። እዚያው ደጀን፣ ሜዳው ላይ ቁሙ። ሞተሩን አስነሱ፣ ርገጡ፣ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከተንጫጫ ቁልቁለቱ ለነገ ይቆይ። ሸለቆው የትም አይሄድም።