ጸጥታና ፒያኖ፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፈጠራ ጉዞ

አንድ የሙዚቃ ደራሲ አጭር የፒያኖ ድርሰት ለመጻፍ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ያልተሸራረፈ ጊዜና ጸጥታ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች ዜማ ወራትና ዓመታት መጠየቁ ከውጭ ለሚመለከተው ብክነት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የኪነ ጥበብ ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ማክዳወል አሥር አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶችን የያዘውን ዝነኛ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1896 አቀረበ። በዚያው ዓመት ባለቤቱ ማሪያን በኒው ሃምፕሸር የእርሻ ቦታ ገዛች፤ በጫካው ውስጥም ከግንድ የተሠራች የሥራ ጎጆ ተዘጋጀችለት። ይኸው ስፍራ ከ1907 ጀምሮ ለሌሎችም ከያንያን የፈጠራ ማረፊያ ሆነ።

በአገራችን ከዓለም ግርግር ርቆ በጥሞና መቀመጥ ጥንታዊ ልማድ ነው። ቅዱስ ያሬድም የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ ትውፊት ያስረዳል። በፒያኖ ድርሰት ረገድ የዚህ ልማድ ጉልህ ምሳሌ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር፣ አባታቸውም ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊትዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወራሪ ቤተሰቡን ወደ ኢጣልያ አጋዘ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን አራት ሰዓት ለቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ለፒያኖ ይመድቡ ነበር።

ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድል ሲሰናከል ግን ሙዚቃን እርግፍ አድርገው ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ። መንኩሰውም በዚያ አምባ ፒያኖ በሌለበት፣ በባዶ እግራቸው እየተመላለሱ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ያ ዘመን በድርሰት ቁጥር ቢለካ ፍሬ ቢስ ሊባል ይችል ነበር። ወደ ፒያኖው የተመለሱት እጆች ግን የቀድሞዎቹ አልነበሩም። የአውሮፓ ፒያኖ ስልት፣ የአገር ቅኝትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተዋሕደው፣ ለብቻ እንደሚደረግ ጸሎት የረጋ፣ በማንም ያልተቀዳ የድርሰት መልክ ወጣ።

ጥበቡ ለማን እንደሚውል የለየላቸው በጎንደር ነው። በ1950ዎቹ የያሬድን ዜማ በዚያ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑና ደጅ እያደሩ እንደሚማሩ ተመለከቱ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ብቻ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን የታተመውን ሸክላቸውን ገቢ ለችግረኞች መርጃ አዋሉት። ከብቸኝነት የተወለደ ዜማ ለብዙኃን ደራሽ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው በኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀመጡ። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ እንደገና ሲታተሙ ዝናቸው በዓለም ናኘ፤ በ2013 ደግሞ ድርሰቶቻቸው በኖታ መጽሐፍ ወጡ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እማሆይ ጸጥታውን ያገኙት ማንም አመቻችቶላቸው ሳይሆን የዓለምን ኑሮ በመተው ነው። እንዲህ ያለውን መሥዋዕትነት ከእያንዳንዱ ወጣት ደራሲ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም። በሐይቅ ዳሯ ሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች ጸጥ ያለ ክፍል፣ የተቃኘ ፒያኖና ጥቂት ወራት ማዘጋጀት ከባህል ተቋማትና ከሙያ ማኅበራት አቅም በላይ አይደለም። ነገር ግን ክፍሉን የሚሰጥ አካል በየሳምንቱ የድርሰት ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ፣ በአንድ እጁ የሰጠውን ጸጥታ በሌላው መልሶ ይወስደዋል። የግሸን አሥር ዓመት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።