የፍቅር ዘፈኑ ዜማ ወዴት ሄደ?

አዲስ መዝሙር በወጣ ቁጥር በመካከላችን አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ይህ ዜማ የዘፈን አይደለም ወይ?» በዚያ ዜማ ሲጠጣ ያመሸ ወንድም ጉባኤ ውስጥ ሲሰማው ቢታወክ አንፈርድበትም። ሮሜ 14ም ስለ እርሱ እንድንጠነቀቅ ያስተምረናል። ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1601 ሐንስ ሌዎ ሃስለር የተባለ ጀርመናዊ፣ በአንዲት ልጃገረድ ፍቅር ልቡ ስለታወከ ሰው የሚናገር ዘፈን አሳተመ። ከ12 ዓመት በኋላ ይኸው ዜማ፣ ከዚህ ዓለም ተለይቶ ወደ ጌታ መሄድን የሚናፍቅ አማኝ መዝሙር ሆነ። 12 ዓመት ብቻ! ዘፈኑን በወጣትነቱ ያንጎራጎረ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ማለት ነው። በ1656 ደግሞ ፓውል ጌርሃርት የተባለው የሉተራን መጋቢ የእሾህ አክሊል ስለ ደፋው የጌታችን ራስ የጻፈው ግጥም በዚሁ ዜማ ታተመ።

ዜማው ሲጀመር ምቱ ዘለል ዘለል የሚል ነበር፤ ምእመናን ለዘመናት ሲዘምሩት ግን ረጋ አለ። ባኽም በማቴዎስ ወንጌል ላይ በተመሠረተው የሕማማት ድርሰቱ አምስት ጊዜ መላልሶ ተጠቀመበት። ከሁሉ ልብ የሚነካው ጌታ ነፍሱን ከሰጠ በኋላ የሚሰማው ነው። ዘማሪዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የራሱን ሞት እያሰበ «ጌታ ሆይ፣ ያን ጊዜ አትለየኝ» የሚል ሰው ጸሎት ያሰማሉ።

በ1973 አሜሪካዊው ፖል ሳይመን ዜማውን ወስዶ ስለ አገሩ ዘፈነበት። መዝሙሩን የምናውቅ ሰዎች ግን ያንን ዘፈን ስንሰማ የሚታወሰን የእሾህ አክሊሉ ነው።